በርሜል የለካው ከተማ፦ ጠመቃ ሰፈርን እንዴት ይሠራል?

ለንደን ውስጥ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ገብቶ የፓሪሱን ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛ ዙሪያውን ቢቃኝ ረድፍ ረድፍ ይዘው የቆሙ የብረት ምሰሶዎች ያያል። ዛሬ በምሰሶዎቹ መሃል ሱቅና ካፌ ተደርድሯል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1868 ሲከፈት ግን ይህ ቦታ የቢራ መጋዘን ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባቡሩ የሬጀንትን ቦይ በድልድይ ተሻግሮ ስለሚመጣ ሐዲዱ ከመንገዱ ከፍ ማለት ነበረበት። ከሥሩ የተረፈውን ቦታ በአፈር ከመሙላት ይልቅ፣ በርተን ከምትባለው የጠማቂዎች ከተማ በባቡር ለሚመጣው ቢራ አዋሉት። መሐንዲሱ ዊልያም ሄንሪ ባርሎው ምሰሶዎቹን ሲያራርቅ መለኪያ ያደረገው የቢራ በርሜልን ርዝመት ነው፤ ይህንንም ራሱ ተናግሮታል። በርሜሎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ልካቸው ግን አሁንም እዚያው ቆሟል።

ስለ መጠጥና ከተማ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው መሸታ ቤቱን ነው፤ ጫጫታውን፣ ምሽቱን፣ ሰካራሙን። የከተማውን መልክ ይበልጥ የሚወስነው ግን ጠጪው ሳይሆን ጠማቂው ነው። መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከባድ፣ እርጥብ፣ የሚሸት፣ ሙቀትም ብርድም የሚፈልግ፣ አንዳንዴም የሚፈነዳ ነገር ነው። 100 ሊትር ቢራ ለመጥመቅ እንደ ቢራው ጥንካሬ 18 ኪሎ ገደማ ብቅል ይገባል። ውሃው በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከ300 እስከ 400 ሊትር ሲሆን በትንንሾቹ 700 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ አብዛኛው ለእጥበት ነው። በሌላ በኩል 20 ኪሎ ገደማ እርጥብ አተላና 4 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ሁሉ በየት ገብቶ በየት ይወጣል የሚለው ጥያቄ ነው መንገዱን፣ ምድር ቤቱን፣ የዛፉን ጥላ ሳይቀር ሲወስን የኖረው።

ብርድ ያተረፈው ጥላ

የሙኒክን የቢራ አትክልት ስፍራዎች ያየ ሰው ለመዝናኛ ተብለው የተተከሉ ይመስሉታል። አይደሉም። በ1553 የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 29 ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ። በበጋ ሙቀት ቢራው ቶሎ ይበላሻል፤ የጠማቂው ምድጃም በደረቅ ወራት ከተማ ያቃጥላል። በዚያ አገር የሚጠመቀው ቢራ እርሾ ከጋኑ ግርጌ የሚዘቅጥ፣ በ7 እና በ12 ዲግሪ መካከል በእርሾው የሚፈላ (የሚብላላ)፣ ከዚያም ወደ ዜሮ በተጠጋ ብርድ ሳምንታት የሚተኛ ነው። ስለዚህ የበጋው ቢራ በመጋቢት ጠንከር ተደርጎ ይጠመቅና እስከ መስከረም የሚያቆየው ጉድጓድ ይፈለግለታል።

ችግሩ ሙኒክ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር አለመቻሉ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። ጠማቂዎቹ ወደ ኢሳር ወንዝ ከፍታዎች ወጡና ጓዳቸውን በዚያ ቆፈሩ፤ በክረምት ከሐይቅ የተቆረጠ በረዶም ሞሉበት። ከላይ ጠጠር አፈሰሱ፣ የቼዝነት ዛፍ ተከሉ። ቼዝነት የተመረጠው ለውበቱ አይደለም። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥላው ድፍን ነው፤ ሥሩ ደግሞ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች ስለማይሄድ የጓዳውን ጣሪያ አይሰነጥቅም። እንግዲህ ጥላ አለ፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ ቢራ አለ፤ ሰው ሳይጠራ መጣ። የከተማው ምግብ ቤቶች ገበያችን ተወሰደ ብለው ጮኹ። ንጉሥ ማክሲሚሊያን 1ኛ ዮሴፍ በጥር 1812 ጉዳዩን በመሃል አስታረቀው፦ ጠማቂዎች ከሰኔ እስከ መስከረም ቢራቸውን በጓዳቸው ላይ መሸጥ ይችላሉ፣ ከዳቦ በስተቀር ግን ምግብ ማቅረብ አይችሉም። ዛሬም ሰው ምግቡን ከቤቱ ቋጥሮ መጥቶ በአትክልቱ ስፍራ የሚበላው ከዚያ ክርክር የተረፈ መብት ስለሆነ ነው።

በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ መሣሪያውን ሙኒክ ውስጥ በሽፓተን ጠመቃ ቤት ሲሞክር የጓዳዎቹ ዘመን አበቃ። ጥላው ግን ቀረ። እንዲያውም በ1995 አንድ የአትክልት ስፍራ በጎረቤት ክስ ምክንያት በጊዜ እንዲዘጋ ሲፈረድበት ከ20,000 በላይ ሰው ሙኒክ ላይ ሰልፍ ወጣ። በ1999 የባቫሪያ መንግሥት ያወጣው ልዩ ደንብ ሙዚቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሥራው በጠቅላላ ደግሞ 5 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ወሰነ። ለቢራ ማቀዝቀዣ ተብሎ የተተከለ ዛፍ ከዘመናት በኋላ የድምፅ ሕግ ወለደ ማለት ነው።

የጀርመኗ ኑረምበርግም እንዲሁ ነች። በ1380 በወጣ ደንብ ለሽያጭ የሚጠምቅ ሁሉ 10 ጫማ ጥልቀትና 16 ጫማ ስፋት ያለው የራሱ ጓዳ እንዲኖረው ታዘዘ፤ በየቤቱ ሥር የተፈለፈለው የድንጋይ ዋሻ እርስ በርሱ ተገናኝቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ መሸሸጊያ ሆነ። በቼኳ ከተማ ፕልዘን ውስጥም የመጥመቅ መብት የተሰጠው ለሰው ሳይሆን ለቤት ነበር፦ በ1295 ከተማዋ ስትቆረቆር 260 ቤቶች መብቱን አገኙ፤ ቤቱን የገዛ መብቱንም ገዛ። በ1842 ፒልስነር የተባለውን ወርቅ መሳይ ቢራ የጠመቀው የጋራ ጠመቃ ቤትም የእነዚሁ ባለ መብት ቤቶች ነበር።

ጋኑ ሲፈነዳ

ጥቅምት 17 ቀን 1814፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ። ለንደን ቶተንሃም ኮርት ጎዳና ዳር ባለው የመክስ ኩባንያ ጠመቃ ቤት አንድ ሠራተኛ 22 ጫማ ከፍታ ካለው የእንጨት ጋን ላይ የብረት ቀለበት ወልቆ ያያል። ቀለበቱ ብቻውን 300 ኪሎ ይሆናል። ሠራተኛው አልደነገጠም፤ ይህ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። አለቃው ጉዳት የለውም አለው፤ እሱም ቀለበቱ እንዲጠገን ለሌላ ባልደረባ ማስታወሻ ጻፈ። ማስታወሻውን እንደ ያዘ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋኑ ተተረተረ። በውስጡ አሥር ወር ያረጀ 3,555 በርሜል ፖርተር የተባለ ጥቁር ቢራ ነበር፤ 580,000 ሊትር ገደማ፣ በክብደት ከ500 ቶን በላይ። ማዕበሉ አጠገቡ ያሉትን ጋኖች ሰባበረ፣ የኋላውን ግንብ አፈረሰ፣ ከግንቡ ማዶ ባለው የድሆች ሰፈር ምድር ቤቶች ውስጥ ገባ። 8 ሰዎች ሞቱ፣ ሁሉም ሴቶችና ሕፃናት። ከእነሱ ውስጥ አምስቱ የሞተ ሕፃን ለማልቀስ የተሰበሰቡ ነበሩ።

ያን ያህል ጋን ለምን አስፈለገ? ፖርተር ለወራት የሚያረጅ ቢራ ነው። ጋኑ በተለቀ ቁጥር አየር የሚነካው ገጽ ከይዘቱ አንጻር ያንሳል፤ ቢራው ሳይኮመጥጥ ይቆያል፣ የጉልበት ወጪውም ይቀንሳል። በለንደን ጠማቂዎች መካከል የጋን ትልቅነት መፎካከሪያም ሆኖ ነበር። ሰፈሩ ደግሞ ለመክስ ጎረቤት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፦ ጢስና ሽታ ባለበት ቦታ ኪራይ ይረክሳል፣ ኪራይ በረከሰበት ድሃ ይሰፍራል። የሟቾች ጉዳይ ተመርምሮ ‘ድንገተኛ አደጋ’ ተባለ። ኩባንያው ለፈሰሰው ቢራ አስቀድሞ የከፈለው ቀረጥ ከ7,000 ፓውንድ በላይ ተመለሰለት፤ ሥራውንም በዚያው ቦታ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀጠለ። ዛሬ በቦታው ከፊል ላይ ዶሚኒየን ቲያትር ቆሟል።

አረቄ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፤ ቢራ ያሰጥማል እንጂ አይነድም። ሰኔ 18 ቀን 1875 ደብሊን ሊበርቲስ ሰፈር ውስጥ አንድ የውስኪ መጋዘን ተቃጠለ። ውስጡ 5,000 ያህል በርሜል ነበር። በርሜሎቹ ሲፈነዱ ሰማያዊ ነበልባል የያዘ ውስኪ በመንገዱ ላይ እንደ ጎርፍ ወረደ። የእሳት አደጋ አዛዡ ውሃ ቢያስረጭ እሳቱን ይዞ ይበልጥ እንደሚሰራጭ ስለገባው፣ የፈረስ ፋንድያ በጋሪ አስመጥቶ በመንገዱ ላይ እንደ ግድብ አስቆለለ። ሠራለት። የሞቱት 13 ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን በቃጠሎ አልሞቱም። ከመንገድ ላይ በኮፍያና በጫማ እየቀዱ የጠጡት ውስኪ ነው የገደላቸው።

የአረቄ ፋብሪካና መጋዘን ከመኖሪያ ሰፈር ርቆ የሚሠራበት ምክንያት እንግዲህ ግልጽ ነው። ከዚህ ባሻገር ማንም ያልጠበቀው ሌላ ጎረቤትም አለ፦ ከሚያረጀው በርሜል በዓመት 2 በመቶ ገደማ ወደ አየር ይተናል፤ በዚያ ትነት የሚኖር ጥቁር ሻጋታ የአካባቢውን ግድግዳ፣ ዛፍና የመንገድ ምልክት ያጠቁራል። በ1872 በፈረንሳይዋ ኮኛክ ከተማ ነገሩን ያስተዋለው አንቶናን ቦዱዋን ነበር፤ ሳይንስ ሻጋታውን በስሙ ‘ቦዱዊኒያ’ ብሎ የሰየመው ግን በ2007 ነው። ግድግዳው ታጥቦ ይነጣል፤ መጋዘኑ እስካለ ድረስ ግን ተመልሶ ይጠቁራል።

ሕግ ቦታ ሲመድብ

ብርድና እሳት ጠማቂውን የት እንደሚቀመጥ ከነገሩት በኋላ ቀሪውን የሚናገረው ቀረጥ ሰብሳቢው ነው። በ1736 እንግሊዝ ጂን የተባለውን አረቄ ለሚቸረችር ሁሉ 50 ፓውንድ ዓመታዊ ፈቃድና በጋሎን 20 ሺሊንግ ቀረጥ ጣለች። ከጥቂቶች በቀር ፈቃድ ያወጣ አልተገኘም፤ ንግዱ ወደ ጓሮ ገባ እንጂ አልቆመም። በ1751 የወጣው ሕግ ብልህ ነበር። ዋጋውን ብቻ ከማየት ይልቅ ቦታውን ለየ፦ አረቄ የሚያወጣ ሰው በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከለ። ማውጫው ከመሸታ ቤቱ ተነጠለ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ዳግም ለመገናኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

ቀረጥ ሰብሳቢ ትንንሽ ጠማቂ አይወድም፤ መቶ ትንንሽ ጋን ከመቁጠር አንድ ትልቅ መቁጠር ይቀላል። የብሪታንያ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ይዘቱ ከ1,800 ሊትር ለሚያንስ ማውጫ ፈቃድ የመከልከል ሥልጣን ነበረው። በ2009 ሲፕስሚዝ የተባለው ኩባንያ በ300 ሊትር የመዳብ ማውጫ ለንደን ውስጥ ጂን ለማውጣት የቻለው ሁለት ዓመት ያህል ከተከራከረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ትንንሽ የጂን ማውጫዎች ብዛት የሚነግረን ይህንኑ ነው፦ ሲያግዳቸው የኖረው የገበያ እጥረት ሳይሆን አንድ ቁጥር ነበር።

ቢራም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ የ1933ቱ የመጠጥ ክልከላ ማብቂያ አምራቹን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን በሦስት አጥር ለያየ፤ ጠምቆ እዚያው መቅዳት በአብዛኛው ቦታ ወንጀል ሆነ። በ1978 ለግል ፍጆታ በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ ተፈቀደ፣ በ1982 ካሊፎርኒያ ጠምቆ እዚያው መሸጥን ፈቀደች፤ ሌሎች ግዛቶችም አንድ በአንድ ተከተሉ። ብሪታንያ ደግሞ በ2002 ለትንንሽ ጠማቂዎች የቀረጥ ቅናሽ አደረገች፤ በዓመት እስከ 5,000 ሄክቶ ሊትር (500,000 ሊትር) የሚጠምቅ ግማሹን ብቻ ይከፍል ነበር፤ ይህ ሥርዓት በ2023 በሌላ ተተካ።

ሕግ ሁልጊዜ በር ከፋች አይደለም። በ1908 ዛሬ የደቡብ አፍሪካ አካል በሆነችው ናታል ውስጥ የወጣ ሕግ የከተማ አስተዳደሮች የማሽላ ቢራን ጠምቆ የመሸጥ ብቸኛ መብት እንዲይዙ ፈቀደ። ደርባን ወዲያው ተጠቀመችበት። ጠምቀው ይተዳደሩ የነበሩ ጥቁር ሴቶች ሕገ ወጥ ተባሉ፤ አስተዳደሩ በየቦታው የቢራ አዳራሽ ሠራ፤ ትርፉም ለጥቁር ሠራተኞች ማደሪያ ባራኮችና ለሚቆጣጠራቸው መዋቅር ማስኬጃ ሆነ። በአጭሩ፣ ሠራተኛው ራሱ በጠጣው ቢራ የመለያያ ከተማው ተገነባ። ‘የደርባን ሥርዓት’ ተብሎ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፋ። በ1929 የወደብ ሠራተኞች የቢራ አዳራሾቹን በአድማ ራቁ፤ በ1959 የደርባኑ ካቶ ማኖር ሰፈር ሴቶች አዳራሾቹ ውስጥ ገብተው ቢራውን ደፉ፤ በ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ሲነሱ ካቃጠሏቸው መካከል እነዚሁ አዳራሾች ይገኙበታል። ስለ ጠመቃና ከተማ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን ምዕራፍ ዘሎ በቀጥታ ወደ ቀይ ሸክላ ጡብና ወደ ሚያምር መብራት ይሄዳል። አይገባም፤ ጠመቃን ማን ይዞታል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የታየበት ቦታ ጥቂት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከመሃል ከተማ ወጡ። ቶሮንቶ ውስጥ ጉደርሃምና ወርትስ በ1990፣ ሚልዋኪ ውስጥ ፓብስት በ1996 ተዘጉ፤ ካርልስበርግ የኮፐንሃገን ጠመቃውን በ2008 ወደ ፍሬዴሪሲያ አዛወረ። ሦስቱም ግቢዎች ዛሬ አፓርታማ፣ ቢሮና ካፌ ናቸው። ትንንሾቹ ጠማቂዎች የገቡት ሌላ ሰው በተወው ቦታ ነው። በ1988 ጆን ሂከንሉፐርና ሸሪኮቹ ዊንኩፕ ጠመቃ ቤትን ዴንቨር ውስጥ ሲከፍቱ ሕንፃው የ1899 የጅምላ መጋዘን፣ ሰፈሩም ባዶ ነበር። በ1995 ኩርስ ፊልድ የተባለው ስታዲየም በአቅራቢያው ተከፈተ፤ ሂከንሉፐር በ2003 የከተማዋ ከንቲባ ሆነ። ብሩክሊን ጠመቃ ቤት በ1996 ዊልያምስበርግ ሲገባ አካባቢው መጋዘንና ፋብሪካ ነበር፤ በ2005 የወንዝ ዳሩ መሬት ለመኖሪያ ፎቆች ተፈቀደ። በ2009 ኬርነል የተባለው ጠማቂ ለንደን በርመንድሲ በባቡር ሐዲድ ቅስቶች ሥር ሥራ ጀመረ፣ ሌሎችም ተከትለውት በየቅስቱ ገቡ።

የባቡር ቅስት ለጠማቂ ለምን ይመቻል? ወለሉ መሬት ላይ ስለሆነ ክብደት አያሰጋውም። የቅስቱ መሃል ከፍ ያለ በመሆኑ ረዥም ጋን ያቆማል። ከላይ ባቡር ሲያልፍ ስለሚንጎደጎድ በሌሊት የፓምፕ ድምፅ ሰማሁ ብሎ የሚከስ ጎረቤት የለም። ጉዳቱም አለ፦ ጡቡ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጎኖቹ ስለሚጎብጡ ጋን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት አይቻልም፣ የጭስ መውጫ ወደ ላይ መብሳትም የማይታሰብ ነው።

ከፎቅ ሥር መጥመቅ

አሁን ብዙ ከተሞች የሚያነሱት ጥያቄ መኖሪያና አነስተኛ ምርት በአንድ ሕንፃ ይኑሩ ወይ የሚል ነው። ፕላን ላይ ያምራል፦ ከታች ጠማቂ፣ ከላይ አፓርታማ። ነገሩ የሚበላሸው ዝርዝሩ ላይ ነው።

ከክብደት እንጀምር። 2,000 ሊትር የሚይዝ የማፍሊያ ጋን ሲሞላ ከነብረቱ 2.6 ቶን ይመዝናል። በአራት እግር ሲካፈል አንዱ እግር መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ 650 ኪሎ ይጥላል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሠላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲችል ነው፤ ጋኑ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ መሬት ላይ ካልሆነ አይሆንም። ምድር ቤት ካለው ሕንፃ ደግሞ ‘መሬት ላይ’ የሚባለው ወለል ራሱ የሌላ ክፍል ጣሪያ ነው፤ ብዙ ተከራይ ይህን የሚያውቀው ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ወለሉ። ጠመቃ ቤት ማለት ግማሹ እጥበት ነው፤ ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ ማዘንበል አለበት። በ6 ሜትር ክፍል ውስጥ ይህ 12 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይሆናል፤ የጋኖቹ እግሮች የሚረዝሙና የሚያጥሩ ካልሆኑ ጋኖቹ ይዘማሉ። ቦዩ መሆን ያለበት ከጋኖቹ ፊት ለፊት፣ ሠራተኛው ቧንቧ በሚፈታበት በኩል ነው። ከጋኖቹ ሥር የተቀበረ ቦይ ንድፉ ላይ ቦታ ይቆጥባል፤ አተላ ሲዘጋው ግን እጅ አይደርስበትም። ተራ ሲሚንቶም አይበቃም። ዛሬ 80 ዲግሪ የሞቀ ኮስቲክ (ጠንካራ የእጥበት ሶዳ)፣ ነገ አሲድ ይፈስበታል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተልጦ ጠጠሩ ይወጣል፣ ጠጠሩ መሃል ደግሞ ቢራ የሚያኮመጥጥ ተህዋስ ይሰፍራል። ፖሊዩሪታን የተቀላቀለበት ኮንክሪት ውድ ነው፤ በኋላ አራግፎ ከማስለበጥ ግን ይረክሳል።

ከወለሉ የሚወርደው ፍሳሽ የከተማው ጉዳይ ነው። የቤት ፍሳሽ ለመብላላት በሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ኦክስጂን ይፈልጋል። የጠመቃ ቤት ፍሳሽ ከ2,000 እስከ 5,000 ይደርሳል፤ ከጋን ግርጌ የሚወጣው የእርሾ ዝቃጭ ብቻውን ሲለካ ቁጥሩ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። አሥር አነስተኛ ጠማቂዎች በአንድ መንገድ ሲሰለፉ ለቱሪስት ‘የቢራ ጎዳና’ ናቸው፤ ለፍሳሽ ማጣሪያው ግን ሳይታሰብ የመጣ አንድ መንደር ናቸው። ጥሩው ጠማቂ እርሾውንና ዝቃጩን በወንፊትና በበርሜል ለይቶ ያስወግዳል፣ የእጥበቱን አሲድና ኮስቲክ በአንድ ገንዳ አጠራቅሞ እርስ በርስ አብርዶ በዝግታ ይለቀዋል። ለዚህ ገንዳ ቦታ ያልያዘ ንድፍ ኋላ ቅጣት ይከፍላል።

አየሩም አለ። 1,000 ሊትር ቢራ በእርሾ ሲፈላ 40 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ከ20 ሜትር ኩብ በላይ ማለት ነው። 60 ካሬ ሜትር ስፋትና 3.5 ሜትር ከፍታ ባለው ክፍል ውስጥ ሳይወጣ ቢከማች የአየሩ አሥረኛ ይሆናል። በሥራ ቦታ ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው ግማሽ በመቶ ነው፤ 4 በመቶ ለሕይወት አስጊ ነው። ፍላቱ ቀናት ስለሚወስድ ጋዙ በአንዴ አይመጣም፤ ከአየር ስለሚከብድ ግን አስቀድሞ የሚሞላው ጉድጓዱን፣ ደረጃውንና ምድር ቤቱን ነው። መለኪያው ጣሪያ ላይ እንደ ጭስ ጠቋሚ ሳይሆን ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት።

ጎረቤት በብዛት የሚያማርረው ግን ስለ ሽታው ነው። 1,000 ሊትር ለአንድ ሰዓት ሲንተከተክ ከ60 እስከ 80 ሊትር ውሃ ተንኖ ይወጣል፤ የተቀቀለ ብቅል ሽታ በሳምንት አንዴ ደስ ይላል፣ በሳምንት አራቴ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ግን ሌላ ነገር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመቀቀያው ጋን ጢስ መውጫ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚረጭ ማጤዣ ይገጠማል፣ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተመልሶ በቦዩ ይወርዳል። አተላው ደግሞ በሙቀት ጊዜ አንድ ቀን ካደረ ይኮመጥጣል፣ ዝንብ ይጠራል። በዚያው ቀን የሚወስደው የከብት አርቢ ከሌለ፣ ወይም የሚወስደው መኪና ቆሞ የሚጭንበት ቦታ ከሌለ፣ ከላይ ያለው አፓርታማ ተከራይ አያገኝም።

አረቄ ማውጫ ከቢራ ጠመቃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት የሕንፃ ኮድ እንደ ቢራ አልኮሉ አነስተኛ የሆነውን መጠጥ የሚያመርት ቤት ዝቅተኛ ሥጋት ካላቸው ፋብሪካዎች ይመድበዋል፤ አልኮሉ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ምድቡ ይቀየራል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ 26 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ትነቱ እሳት ይይዛል፤ ሞቃት ቀን ይበቃዋል። በአንድ የእሳት ክልል (እሳት እንዳይሻገር በተከለለ የሕንፃ ክፍል) ውስጥ በጋንና በቧንቧ እንዲያዝ የሚፈቀደው ተቀጣጣይ ፈሳሽ 120 ጋሎን (454 ሊትር ገደማ) ነው፣ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ከተገጠመ እጥፍ ይሆናል። በእንጨት በርሜል የሚያረጀውን ደንቡ ለብቻው ያየዋል። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ያለ አነስተኛ ማውጫ ብዙ ጊዜ ጂን የሚያወጣው፦ ጂን አያረጅም፤ ዛሬ ወጥቶ በሳምንቱ ይሸጣል፣ መጋዘን አይፈልግም።

ውሉ ሲያልቅ

አርተር ጊነስ በ1759 ደብሊን ውስጥ የሴንት ጄምስ በርን ግቢ በዓመት 45 ፓውንድ ለ9,000 ዓመት ተከራየ። ኩባንያው ኋላ መሬቱን ስለገዛው ውሉ ዋጋ የለውም፤ ዋናው ቁም ነገር ግን እዚያ ነው፦ ጊነስ አሁንም በዚያው ቦታ ይጠምቃል። የዛሬ አነስተኛ ጠማቂ ውል አምስት ወይም አሥር ዓመት ነው። ወለል፣ ቦይ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ፣ ማጤዣ፤ ይህ ሁሉ የሚገጠመው በአከራዩ ሕንፃ ላይ ነው፣ ነቅሎ መሄድ አይቻልም። ሰፈሩ ሲደምቅ የመጀመሪያው ተጠቃሚ አከራዩ ነው። የበርመንድሲን ጨምሮ የእንግሊዝና የዌልስ የባቡር ቅስቶች በ2019 በ1.46 ቢሊዮን ፓውንድ ለግል ባለሀብቶች ሲዛወሩ ተከራዮች የኪራይ ጭማሪ ናረብን ብለው አቤቱታ ያሰሙት ለዚህ ነው። በዚያው በርመንድሲ ሥራውን የጀመረው ኬርነል ቀድሞ ሌላ ትምህርት አግኝቶ ነበር፦ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጎርፈው ሰው ጠመቃውን ስላስቸገረው እዚያው መቅዳቱን አቁሞ ነበር።

እንግሊዝ በ2018 በፕላን መመሪያዋ ውስጥ ያስገባችው መርህ በከፊል ይረዳል፦ ነባር ድምፅ ወይም ሽታ ካለበት ቦታ አጠገብ አዲስ አፓርታማ የሚሠራ፣ ነዋሪዎቹን ከዚያ የመከላከል ወጪው የእሱ ነው። ከክስ ያድናል፤ ከኪራይ ግን አያድንም።

ገበያውም ተጣቧል። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ100 በታች የነበሩት ጠመቃ ቤቶች ከ9,000 በላይ ደርሰዋል። በ2024 ግን 430 ተከፍተው 529 ተዘጉ፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ያልታየ ነገር ነው። ሲዘጉ የሚሆነው ያው የክብደትና የልክ ጉዳይ ነው። ጋኑ የገባው የፊት ግድግዳው ሳይገነባ ከነበረ በበሩ አይወጣም፤ ወይ መስታወቱ ይፈርሳል፣ ወይ ጋኑ ተቆርጦ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሸጣል። አዲሱ ተከራይ ካፌ ወይም ጂም ከሆነ ቦዩን በሲሚንቶ ለመድፈን፣ ያዘነበለውን ወለል ለማስተካከል ገንዘብ ያወጣል። ብዙ አከራዮች ይህን ካሰሉ በኋላ ቦታውን ‘ለማንኛውም ንግድ’ ብለው ማስተዋወቃቸውን ትተው ሌላ ጠማቂ መፈለግ ይይዛሉ። ቦዩ ተቆፍሯል፣ ወለሉ ያዘነብላል፤ ሁለተኛው ጠማቂ የመጀመሪያው የከሰረበትን ገንዘብ ሳይከፍል ይገባል።